የቀጨሞ ማርያም ክዳን

ሰው ሁሉ የሚተርታት፣ መነሻዋን ግን ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቃት አንዲት አነጋገር አለች። የዕድር ድንኳን ተቀዶ የሚሰፋው ሲጠፋ ትነገራለች፤ የመንደር ምንጭ ተደፍኖ ሁሉም ዘሎት ሲያልፍ ትነገራለች። ሽማግሌው ጣል ያደርጋታል፣ ወጣቱም ራሱን ነቅንቆ ይቀበላል፤ ከየት መጣች ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። የመጣችው ከቀጨሞ ማርያም ጣራ ላይ ነው። ዛሬ ቤተ ክርስቲያኗ ቆርቆሮ ለብሳለች፤ ዝናብ ሲመታት የቄሱ ድምፅ እንኳ አይሰማም። ነገሩ የሆነው ገና የሣር ክዳን በነበረችበት፣ በዚያ በደጉ ጊዜ ነው።

በዚያን ጊዜ የቀጨሞ ሰው በየሦስት ዓመቱ ጥር ሲገባ ቤተ ክርስቲያኑን ይከድን ነበር። ደንቡ አጭር ነው። ጭስ የሚወጣበት ቤት ሁሉ አንድ ሸክም ሰንበሌጥ አጭዶ ያመጣል። ሀብታሙን ሁለት አምጣ የሚለው የለም፤ ድሃውንም ይቅርብህ የሚለው የለም። ክቡ ጣራ እንደ ድፎ ዳቦ ለአራቱ ጎጥ ይከፈልና እያንዳንዱ ጎጥ የራሱን ጎን ይከድናል። ያን ቀን ማየት ነበር! ሴቶቹ ጠላና ቆሎ ይዘው ከግራር ጥላ ሥር ይሰፍራሉ፤ ወንዶቹ ጣራ ላይ ወጥተው ከጎን ጎን ይተራረባሉ። የዚያን ጊዜው ገበዝ፣ ነፍሳቸውን ይማርና ቄስ ሽባባው፣ ከደጀ ሰላሙ በር ላይ ተቀምጠው የመጣውን ሸክም ሁሉ በመስቀላቸው ይባርካሉ። አንድ ዓመት ዓይኑን ያጣ ለማኝ አንዲት ጭብጥ ሣር ይዞ ቢመጣ፣ ሰው ሊስቅ ሲል ዝም አሰኝተው፣ «ይቺ ከመቅደሱ በላይ ትግባ» ብለው አስገቡለት። ለማኙ እስኪሞት ድረስ፣ በዚያ ባለፈ ቁጥር ቀና ብሎ ጣራውን የሚያይ ይመስል ነበር።

ክዳኑ ግን፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ አያምርም። አንዱ ጎን ይወፍራል፣ አንዱ ይሳሳል፤ የአንዱ ሣር ረጅም፣ የሌላው አጭር ነው። የጎረቤት ደብር የጎላ ጊዮርጊስ ሰዎች ወደ ገበያ ሲያልፉ ቆም ይሉና፣ «ደብራችሁ ዛሬም ሳትበጠር ወጣች?» ይሏቸዋል። የቀጨሞ ሰው አብሮ ስቆ ያልፋል። ክረምት ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ሌሊት ዝናብ በወረደ ቁጥር በየቤቱ ሰው ከእንቅልፉ እየባነነ፣ «የእኛ ጎን ያዘ ይሆን?» ይላል። ሲነጋ አራቱም ጎጥ ቅጥሩ ውስጥ ነው፤ አንገቱን አስግጎ ጣራውን ይዞራል። ቀዳዳ ከተገኘ ፀሐይ ሳትሞቅ ይደፈናል። በዚያውም ኪዳን ሳያደርስ የሚመለስ ሰው አልነበረም።

ወጣቱ ዲያቆን ወንድይፍራው ብቻ በጎላዎቹ ቀልድ አይስቁም ነበር። ቀልዱ አጥንታቸው ድረስ ይሰማቸዋል። በኋላ ድጓ ለመማር ወደ አንድ ትልቅ ደብር ሄደው ሰባት ዓመት ቆዩ። እዚያ ቅጥሩ ተጠርጓል፣ ጸጥ ብሏል፤ የክዳኑ ጠርዝ በመቀስ የተከረከመ ይመስላል። ቤተ እግዚአብሔር መሆን ያለበት እንዲህ ነው ሲሉ በልባቸው አሰቡ። ተምረው፣ ቅስና ተቀብለው አገራቸው ሲገቡ ቄስ ሽባባው አርፈው ነበርና ገበዝነቱ ለእሳቸው ተሰጠ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ይህ ሊታወቅላቸው ይገባል። ደብሯን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይወዷት ነበር፤ ቅጥሯን ጠዋት ጠዋት ራሳቸው ይጠርጋሉ። አንድ ምኞት ብቻ ነበራቸው፤ ማርያምን አሳምረው፣ ጎላዎችን ዝም ማሰኘት።

በገበዝነታቸው ሁለተኛ ዓመት የክዳን ተራ ደረሰ። ኅዳር ላይ አንድ እሁድ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ አቁመው ተናገሩ። ዘንድሮ አጨዳም ሸክምም የለም፤ ከደብሯ ጎተራ እህል ወጥቶ ከከተማ ሙያተኛ ከዳኞች ይመጣሉ፤ ከሕዝቡ የሚፈለገው ጸሎትና ጸጥታ ብቻ ነው አሉ። ሰው ደስ አለው። ለምን ደስ አይለው? ሰንበሌጥ እጅ ይቆርጣል፣ ሸክሙ ወገብ ይሰብራል። ዕድሜ ይስጥልን ብሎ መረቃቸው። ጉልላቱን ሲከድን ያረጀው አያ ድንበሩ ብቻ፣ «ታዲያ እኛ ምን ሠርተን ልንከርም ነው?» ብሎ አጉረመረመ። አንተ አርፈህ ፀሐይ ሙቅ አሉትና ተሳቀ።

ከዳኞቹ ስድስት ሆነው መጡ። ሣሩንም ይዘውት የመጡት ከሩቅ ቆላ ነው፤ አንዱ ከሌላው አይበልጥም፣ አያንስም። ሥራው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን እትዬ ማንጠግቦሽ በደጀ ሰላሙ በር ብቅ አለች። ባሏ በዚያው ዓመት የሞተባት፣ አንድ እግሯን የሚያማት ሴት ናት። ከጀርባዋ አንድ ሸክም ሰንበሌጥ አዝላለች። ራሷ አጭዳው ኖሮ እጇ ተተልትሏል።

ገበዙ ጎንበስ ብለው ሣሩን አዩት። አጭር ነው፤ ግማሹም አረም ነው።

«እትዬ፣ አዋጁን አልሰሙም? ዘንድሮ ሸክም ቀርቷል እኮ» አሏት።

«ሰምቻለሁ አባ። የባሌ እጅ የሚከድነው ከሴቶች በር በላይ ያለውን ነበር። ዘንድሮ ባዶ እንዳይሆን ብዬ የቤቴን ድርሻ ነው ያመጣሁ።»

ገበዙ ትንሽ አመነቱ። በዚያች ቅጽበት የከዳኞቹ አለቃ ከጣራው ላይ ሆኖ፣ እንዲህ ያለ ሣር ከገባበት ሥራው ይበላሻል፣ እኔም ኃላፊነት አልወስድም አለ። ገበዙም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከእንግዲህ የእርስዎ ድርሻ ጸሎት ነው፤ ይህን ለላምዎ ያብሉት» አሏት። ላም የላትም። መስቀል ተሳልማ ወጣች። ሸክሙንም መልሳ ማዘል አቅቷት ከቅጥሩ ውጭ ጣለችው፤ ሲመሽ የገበያ አህዮች በሉት።

ክዳኑ ሲያልቅ ግን፣ ያየ ሁሉ አፉን ያዘ። ከጉልላቱ እስከ ጠርዙ አንድ ወጥ ነው። ጎላዎች ሊያዩ መጡና የሚሉት አጥተው ተመለሱ። ቄስ ወንድይፍራው በዚያ ቀን ብቻቸውን ቅጥሩን ሦስት ጊዜ ዞሩ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ቅጥሩ ንጹሕ ነው፣ ጸጥ ብሏል። ጠላ የለ፣ መተራረብ የለ፣ በየዛፉ ሥር የተበተነ ሣር የለ። ትልቁን ደብር አገራቸው ያመጡት መሰላቸው።

ሰዉ አልጠፋም። ለንግሥ ይመጣል፣ እሁድ ያስቀድሳል፣ ተሳልሞ ይሄዳል። ነገር ግን መሳለሙ አብዛኛውን ጊዜ ከበር ሆነ። ቅዳሴ እንዳለቀ ከግራሩ ሥር ይቀመጡ የነበሩት ሽማግሌዎች አሁን በቀጥታ ወደ ቤታቸው ነው። ገበዙ ይህን አላስተዋሉትም፤ እንዲያውም ሰው ሥርዓት ያዘ ብለው ተደሰቱ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ የበልግ ነፋስ በምሥራቅ በኩል ከጉልላቱ ሥር አንድ ክንድ ያህል ሣር ነቅሎ ጣለ። የወደቀው ሣር መንገድ ዳር ሰነበተ። ሰው አየውና በላዩ ተራመደ።

ሐምሌ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ የተቀላቀለበት ማዕበል ወረደ። ነፋሱ በዚያችው ቀዳዳ ገባና ክዳኑን ከሥሩ ፈነቀለው። ያ ሁሉ ውበት አንድ ወጥ ሆኖ ታስሮ ነበርና አንድ ወጥ ሆኖ ተነሣ፤ የምሥራቁ ጎን በሙሉ እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ ወረደ። ውኃው ቅኔ ማሕሌቱን ሞላ፤ ወደ ቅድስቱ ዘለቀ። ገበዙ ነጠላቸውን አሸርጠው ደወሉን ያዙ። እየደወሉ ወደ መንገዱ ያያሉ። ቄስ ሽባባው ይህን ደወል ሲደውሉ አራቱ ጎጥ ገመድና ቁርበት ይዞ፣ ጭቃውን እየረገጠ ሲወርድ በልጅነታቸው አይተዋል። ደወሉ፤ ማንም አልመጣም። ክንዳቸው እስኪዝል ደወሉ። የመጣው አያ ድንበሩ ብቻ ነው፤ በምርኩዙ እየተደገፈ።

ውኃው የመቅደሱን ደፍ ሲነካ ሌላ ምርጫ አልቀረም። ታቦቷን ከደብሯ አውጥቶ ወደ ጎላ ጊዮርጊስ መውሰድ ግድ ሆነ። ታቦቱ ከሰው ደብር የከረመ አገር ቤቱ እንደ ፈረሰበት ይቆጠራል። ቄስና ዲያቆን ተሰብስበው አራት ሰው ቢሆኑ ነው። ያለ ከበሮ፣ ያለ እልልታ፣ በአንድ ድባብ ብቻ ጭቃውን ይዘው ወረዱ። ጎላዎች ግን ከሩቅ አይተው ኖሮ ጽናጽል ይዘው እየዘመሩ ወጡ፤ እንዲያ አክብረው መቀበላቸው ለገበዙ ከስድብ የከፋ ሆነባቸው።

ታቦቷን አስገብተው ሲመለሱ ዝናቡ አባርቶ ነበር። የቀጨሞ ሰው ታቦት መውጣቱን አሁን ሰምቶ ከወንዙ ዳር ተሰብስቧል። ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ፤ ወንዶቹ ጭቃው ላይ ተንበርክከዋል። እትዬ ማንጠግቦሽ ከኋላ ቆማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። ገበዙ ደወሉን አልሰማችሁም ወይ ብለው ጠየቁ። ሰምተናል አሉ። አንድ ጎልማሳም አንገቱን ደፍቶ፣ ቀዳዳውን ከፋሲካ ጀምሮ ሲያየው እንደ ነበር ተናገረ።

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?»

«የከዳኞቹ ነው ብዬ፣ አባ። ዛሬም ደወሉ ሲደወል እነሱ ይመጣሉ ብለን ነው የተቀመጥን።»

ይህን ሲሰሙ ገበዙ ደማቸው ፈላ። እመቤታችንን በማዕበል ከቤቷ ያስወጣ ሕዝብ ብለው የእጅ መስቀላቸውን አነሡ፤ አገሩን በሙሉ ሊገዝቱ። ያ ቃል ቢወጣ ኖሮ በቀጨሞ ክርስትና የሚነሣ ልጅ፣ ፍትሐት ተደርጎለት የሚቀበር ሬሳ አይኖርም ነበር። አያ ድንበሩ ምርኩዙን ጥሎ የተነሣውን ክንድ በሁለት እጁ ያዘ።

«ይተዉ አባ። ቂም የያዘብዎ እንኳ የለም። እኔ ስመጣ በየበሩ አልፌ ነው የመጣሁ፤ ሁሉም ክፋት ሳይኖርበት እሳቱን ይሞቃል።»

የገበዙ እጅ ዝቅ አለ። ቁጣው ወጥቶላቸው ልቅሶው መጣ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደ ልጅ አለቀሱ።

«እኔ ምን በደልሁ?» አሉ። «አሳመርሁላቸው። ከወገባቸው ሸክም አወረድሁላቸው። ሸክም ማቅለል ኃጢአት ነው እንዴ?»

አያ ድንበሩ በዲያቆንነታቸው ጊዜ ያውቃቸው ነበርና፣ ገበዝ ከሆኑ ጀምሮ ሲላቸው የኖረውን «አባ» ትቶ፣ በጭቃ የራሰውን ክንዳቸውን እንደ ያዘ ቀስ ብሎ መለሰላቸው፤

«ኃጢአትስ አይደለም ልጄ፤ ግን ያልተሸከሙት ክዳን ቢያፈስ አያባንን።»