ዱባን የጠቆመች ጣት

ተረት ተረት! ኧረ ተዉ፣ «የላም በረት» አትበሉኝ፣ ዛሬ ላም የለችበትም። «የጓሮ መሬት» በሉኝ። እንዲያ ነው! በሉ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙ። ያ ጥግ ይዞ የተቀመጠው ጎረምሳም ይስማ፤ ተረት ለልጅ ብቻ ነው ያለው ማነው?

ድሮ ድሮ፣ አራዊት ሁሉ እንደ ሰው ጓሮ ቆፍረው በሚበሉበት ዘመን፣ ስሙን እኔም በረሳሁት አንድ አገር፣ አያ ጃርት የሚባል ሽማግሌ ከልጅ ልጁ ከእሾሂት ጋር ይኖር ነበር። እናቷ በክረምት ወንዝ ልትሻገር ገብታ ውሃ ወስዷታል፤ ከዚያ ወዲህ ለእሾሂት እናቷም አባቷም አያ ጃርት ነው። ይወዳታል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ስትፈርዱበት እንዳትረሱት። ሲበርዳት በነፋሱ በኩል ተኝቶ የሚከልላት እሱ ነው። እሷም ማታ ማታ በዚያች ሚጢጢ እጇ እሾኹን እየገለጠች ጀርባውን ታክለታለች፤ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ «ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ላይ፣ እ… እዚያ ጋ!» ይላል። ግን ሆድ ነበረው። ሆድማ ሁላችንም አለን፤ የእሱ ግን ከባለቤቱ ቀድሞ የሚነቃ ሆድ ነበር።

ጎረቤታቸው እመት ጥንቸል ትባላለች። ጓሮዋ በአገሩ ሁሉ የተመሰገነ ነው። ሚያዝያ ገብቶ ሰማዩ ሲጠቁር፣ በጨርቅ የቋጠረችውን ዘር ይዛ ወደ አያ ጃርት ደጃፍ መጣች።

«አያ ጃርት፣ እንደምን አደሩ? ለዚች ልጅ አንዲት መደብ ይስጧት፤ የራሷን ትዝራ።»

«ምን ልታደርግበት? ገና ሕፃን እኮ ናት፤ ትረጋግጠዋለች።»

«ልጅ የሰው ማሳ ነው የሚረግጠው። የራሱን የዘራውን ዞሮ ነው የሚሄድ።»

አያ ጃርት አጉረመረመ፤ ቢሆንም ከአጥሩ ሥር አንዲት መደብ ሰጣት።

እመት ጥንቸል እሾሂትን አጠገቧ ቁጭ አድርጋ አስተማረቻት። «የጎመን ዘር ደቃቅ ነው፤ ከትንሽ እጅ ያመልጣል። እሱን ከአመድ ቀላቅዬ እኔ እበትንልሻለሁ። አንቺ እጅ የሚሞላውን ያዢ። ይኸውልሽ አደንጓሬ፤ ብዙ ሳያስለቅስሽ አፈሩን ገፍቶ ይወጣል። ይኸውልሽ ነጭ ሽንኩርት፤ ሹሉን ወደ ሰማይ፣ መቀመጫውን ወደ መሬት አድርገሽ ቅበሪውና እርሺው፣ እሱ ሥራውን ያውቃል። ይኸውልሽ ደግሞ ዱባ።»

እሾሂት የዱባዋን ዘር በመዳፏ ይዛ ስታገላብጥ ቆየች። «ጥፍር ትመስላለች» አለች።

«ጥፍር ብትመስልም ጠባይ አላት» አለች እመት ጥንቸል። «ዱባ ዓይነ አፋር ናት። ለጋ ፍሬዋን በጣት አይጠቁሟትም፤ ከጠቆሟት አፍራ ትረግፋለች። እንዲህ በአገጭ ነው የሚያሳዩአት።» አገጯንም ወደ አጥሩ ወርወር አደረገች። ይህ እንግዲህ በዚያ አገር ሁሉም የሚለው ነው። እውነት ይሁን አይሁን ብሎ የጠየቀ የለም።

ዘሩ በቀለ። መጀመሪያ አደንጓሬው አንገቱን አጉብጦ ብቅ ሲል እሾሂት በደስታ ዘለለች፣ እሾኋም እንደ ጸናጽል ተንሿሿ። ነጭ ሽንኩርቱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጎመኑ ተንሰራፋ። ዱባዋ ሐረጓን እየዘረጋች አጥሩ ላይ ወጣች፣ ቢጫ አበባ አበበች፣ ከአበባውም ሥር ጡጫ የምታህል ፍሬ ያዘች። እሾሂት ጠዋት ጠዋት መደቧን እየኮተኮተች እንዲህ ትዘፍን ነበር፦

«እደጊልኝ ዱቢት፣ እደጊልኝ ዱቢት፣
ለአያቴ ምሳ፣ ለእኔ እራት።»

አያ ጃርት ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይሰማል። እሷ «ለአያቴ ምሳ» ስትል ሆዱ «አቤት!» ይላል።

አንድ ቀን እሾሂት ከእመት ጥንቸል ጋር ውሃ ልትቀዳ ወረደች። አያ ጃርት ዱባዋን ሊያያት ብቻ ወደ ጓሮ ዞረ። አያት። አሸተታት። «ልቅመሳት እንጂ አልበላትም» አለ። ያንን የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? በልቷት ጨረሰ። ልጣጩን ለጥርሱ ስለጠነከረበት ተፍቶ ከቤቱ ጀርባ ጣለና፣ አገጩን ጠራርጎ ደጃፉ ላይ ተመልሶ ቁጭ አለ።

እሾሂት መጥታ ወደ ጓሮ ሮጠች። «አባባ! ዱባዬ የለችም!»

አያ ጃርት እውነቱን ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር። የልጅቷ ዓይን እንባ ማቅረሩን ሲያይ ግን ፈራና ሌላ ነገር ተናገረ።

«በጣትሽ ጠቁመሻት ነበር እንዴ?»

እሾሂት አሰበች። «እኔ እንጃ… ትናንት ቢራቢሮዋን እዚያች ላይ አትረፊ ስላት፣ ምናልባት…»

«በቃ! አፍራ ረግፋለች። ጉንዳን ወስዷታል።»

እሾሂት ጣቷን አየቻት፤ ከዚያም በሌላኛው እጇ መታ መታ አደረገቻት። አያ ጃርት ይህን አይቶ ፊቱን አዞረ። ግን ጠግቦ ነበርና ብዙም ሳይቆይ እንቅልፍ ወሰደው።

ሐረጓ ደግ ነበረችና ሁለተኛ ፍሬ ያዘች። እሾሂትም ጀመረች፤ «እደጊልኝ ዱቢት፣ እደጊልኝ ዱቢት፣ ለአያቴ ምሳ፣ ለእኔ እራት።» ለመጣው እንግዳ ሁሉ በአገጯ ብቻ ታሳያለች። እሷ ውሃ ስትወርድ አያ ጃርት ሊያያት ብቻ ወደ ጓሮ ዞረ። አያት። አሸተታት። «ልቅመሳት እንጂ አልበላትም» አለ።

«አባባ! ይቺም የለችም!»

«ጠቁመሻት ነበር እንዴ?»

«ኧረ አልጠቆምኳትም! በአገጬ ነው፤ ከፈለግህ እትዬ ጥንቸልን ጠይቃቸው!»

«እንግዲያው በሕልምሽ ጠቁመሻት ይሆናላ። በሕልም የጠቆመም ያው ነው።»

ለሕልም ምን መልስ አለው? እንኳን ልጅ ዳኛም መልስ የለው።

ሦስተኛዋ ፍሬ ስትታይ እሾሂት ጣቷን በኮባ ቅጠል ጠቀለለችና በቃጫ አሰረቻት። እንደታሰረች ትበላለች፣ እንደታሰረች ትተኛለች። ዘፈኗም ቀጥኖ ዱባዋ ብቻ የምትሰማው ሆነ። ውሃ ልትቀዳ ወረደች። አያ ጃርት ወደ ጓሮ ዞረ። አያት። አሸተታት። በዚህ ጊዜስ «ልቅመሳት» እንኳ አላለም።

እሾሂት ተመልሳ ባዶውን ሐረግ አየች። ወደ አያቷ መጥታ የታሰረች ጣቷን ከፍ አድርጋ አሳየችው።

አያ ጃርት ማሳበቢያ አጣ። ጣቷ ታስራለች፤ ሕልሟም አብሯት ታስሯል። መልስ ያጣ ጥፋተኛ ደግሞ ክፉ ይናገራል። «እንግዲህ ልጄ» አለ ዓይኑን ወደ ሌላ አድርጎ፣ «አንዳንዱ እጅ ርጥብ ነው፣ የነካው ይለመልማል። አንዳንዱ እጅ ደረቅ ነው፣ የነካው ይረግፋል። የአንቺ እጅ ደረቅ ነው መሰለኝ።» ይህችን ተናግሮ ገብቶ ተኛ።

ከማግስቱ ጀምሮ እሾሂት ጓሮ መግባት ተወች። አደንጓሬው ደርሶ ተንጠለጠለ፣ አልለቀመችውም። አረሙ ጎመኑን ሲያንቀው ከሩቅ ቆማ ታያለች። አያቷ «ቀንጥሺ እንጂ ልጄ» ሲላት «እኔ ከነካሁት ይሞታል» ትላለች። ማታም ጀርባውን ማከክ ተወች። አያ ጃርት «አኩርፋለች፣ የልጅ ኩርፊያ ያልፋል» አለ። ራሱ ልኮትኩት ብሎ ሞከረ፤ ወገቡ እምቢ አለው። የዱባዋ ሐረግ አረም ዋጣትና ደረቀች። አያትና ልጅ የጫካ ሥራሥር እየጫሩ መብላት ጀመሩ። ሆዱ ሲጮህ ያ ዘፈን ትዝ ይለዋል፤ የናፈቀው ዱባው ይሁን ዘፈኑ መለየት አቃተው።

እመት ጥንቸል ልጅቷ ምን ሆና እንደቀረች ለማየት መጣች። በቤቱ ጀርባ ስትዞር ልጣጩን ከነክምሩ አገኘችው።

«ይሄ ምንድነው አያ ጃርት?»

«እሱማ… የረገፈው ነው። ልጅቷ በጣቷ ጠቁማ…»

እመት ጥንቸል አንዱን ልጣጭ አነሳችና የነከሰበትን ቦታ አሳየችው። «አያ ጃርት፣ ጣት ጥርስ የለውም» አለችው።

እሾኹ ሁሉ በሐፍረት ተኛ። «አደራሽን፣ አትንገሪያት።»

«እኔማ አልነግራትም። መናገር ያለበት የበላው አፍ ነው። ግን ዛሬውኑ ይንገሯት፤ ልጣጩም ሳይጠፋ፣ ነገሩም ሥር ሳይሰድባት።»

«ዛሬ እነግራታለሁ» አለ።

ዛሬ ተኝታ አገኛት፤ «ነገ» አለ። ነገ ሲደርስ ከፍቷት ነበር፤ «በሐዘኗ ላይ አልጨምርባት፣ ነገ» አለ። በሌላው ቀን ደግሞ ፈገግ አለች፤ «ፈገግታዋን ለምን ላጥፋባት? ነገ» አለ። እንዲህ ሲል ሐምሌም ነሐሴም አለፈ። ዝናቡ ልጣጩን አበስብሶ አፈር አደረገው።

መስከረም ሲጠባ እመት ጥንቸል ወለደች። የሰፈሩ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊላት ጎረፈ፤ አያ ጃርትና እሾሂትም ሄዱ። የሰፈሩ ልጆች ገና ዓይናቸውን ያልገለጡትን ጨቅላዎች በየተራ ያቅፋሉ፣ ይስማሉ፣ ይሳሳቃሉ። እሾሂት ግን ሁለት እጆቿን ከኋላዋ ደብቃ በሩ ላይ ቆመች።

«ነይ እንጂ እሾሂት» አለቻት እመት ጥንቸል፣ «ተራሽ ነው። ትንሿን ላንቺ ነው ያስቀመጥኩልሽ፣ እቀፊያት።»

እሾሂት ወደ ኋላ አፈገፈገች። «አይ እትዬ ጥንቸል፣ እኔ ከዚሁ ልያት። እጄ ደረቅ ነው፤ ትረግፍብዎታለች።»

አያ ጃርት፣ ጀርባውን ማከክ የተወችው በኩርፊያ እንዳልነበረ፣ እሱም እንዳይረግፍባት ፈርታ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባው። በሰው ሁሉ ፊት ወድቆ ጮኸ።

«እኔ ነኝ! ዱባሽን የበላሁት እኔ ነኝ! ፊተኛዋንም፣ ሁለተኛዋንም፣ ሦስተኛዋንም! ጣትሽ ምንም አላደረገችም። እጅሽ ደረቅ አይደለም ልጄ፤ ሆዴ ነው፣ ይሄ ሆዴ ነው!» እያለ ሆዱን ደበደበ።

እሾሂት አየችው። ከዚያ ቀረብ ብላ፣ እንዳትነካው እየተጠነቀቀች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«አባባ፣ እኔ እንዳላዝን ብለህ ነው አይደል? አንተ እኮ ጥሩ ነህ።»

«እውነቴን ነው! ባልበላ እናትሽን…!»

«ለእኔ ብለህ አትዋሽ አባባ። አንተ ዋሽተኸኝ አታውቅም።»

«እኔ ምስክር ነኝ» አለች እመት ጥንቸል፣ «ልጣጩን በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እርስዎም ስለሚያዝኑልኝ ነው» አለች እሾሂት።

አያ ጃርት ተነስቶ፣ ያረጀ እግሩ የቻለውን ያህል ወደ ቤቱ ጀርባ ሮጠ። ልጣጩን ሊያሳያት አፈሩን ጫረ፣ ጫረ፣ ጥፍሩ እስኪደማ ጫረ። ከአፈር በቀር ያገኘው ነገር የለም።

በቀጣዩ ክረምት አያ ጃርት ወገቡን እየያዘ ራሱ ዱባ ዘራ። ሆዱ ሲጮህ ሣር እያኘከ ጠበቃት፤ አልቀመሳት፣ አላሸተታት። ዱባዋ አድጋ አጥሩን እስክታጎብጥ ድረስ ከበደች። ያን ጊዜ ልጅቷን ጠራት።

«ነይ እሾሂት። በጣትሽ ጠቁሚያትና እንደማትረግፍ እይ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እባክሽ ልጄ።»

እሾሂት መጣች። እጆቿ ከኋላዋ ናቸው። ዱባዋን አየቻት፣ ደስ አላት፣ ግን እጇን አላወጣችም።

«ተዋት አባባ፣ እሷ ምን አደረገችን?» አለችና በመጣችበት ተመለሰች።

አያ ጃርት ያችን ዱባ ቆርጦ ቀቀላት፤ ለእሾሂት ሰጣት፣ እሷም ጠግባ በላች። እሱ አንዴ ጎረሰ፤ አልወርድ አለው። ጀርባው ያሳክከው ነበር፤ ሄዶ ከግድግዳው ጋር ታከከ።

በሉ እንግዲህ፣ ተረቴን መልሱ፣ አፌንም በዱባ ወጥ አብሱ። ቃሉን ግን ያዙልኝ፦

ውሸት በተጣለበት ይበቅላል፤ እውነት ወቅቱ ካለፈ አይጸድቅም።