ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

አንዲት ሴት ነበረች፤ አርባ ምንጭ ውስጥ የሠርግ ጥሪ ካርድ የምታዘጋጅ። አየለች እንበላት። የአርባ ምንጭን ሙቀት ታውቁታላችሁ አይደል? አየለች ግን ኮምፒውተሯን አቧራ እንዳይነካው ብላ እናቷ የሠሩላትን ዳንቴል ታለብሰው ነበር፤ በርቶ እየሠራም ጭምር! አትሳቁ፤ እናንተስ ቤት ቴሌቪዥኑ ምን ለብሷል?

ታዲያ አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ቋ፣ ቋ አለና ዝም አለ። ሃርድ ዲስኩ በሙቀት ታፍኖ ሞተ። ካርዱስ እንደገና ይሠራል። የማይተካ አንድ ነገር ግን እዚያ ውስጥ ነበር፤ እናቷ ከመሞታቸው በፊት ለልጅ ልጃቸው ለብርቄ ሠርግ ብለው በድምፃቸው ያስቀዱት ምርቃት። ሠርጉ ደግሞ ደርሷል።

ኮምፒውተር ጠጋኙ ምናሴ ዲስኩን አየና፣ "እትዬ፣ ይሄ አልቆለታል" አላት። "አዲስ ዲስክ ይግዙ። ባለፈው ስጠግንልዎ በውስጡ ያለውን ሁሉ እንዳለ ገልብጬ አስቀምጫለሁ። እሱን አዲሱ ላይ እመልስልዎታለሁ።"

"የእማዬ ምርቃትስ? ያኔ ተቀድቶ ነበር?"

"ሲመለስ ነው የምናየው፤ አሁን ቃል አልገባልዎትም።"

እሺ አለች? አላለችም! የሞተውን ዲስክ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ "እናቴ እዚህ ውስጥ ናት" እያለች ከሱቅ ሱቅ ዞረች። አንዱ ነቀነቀው። አንዱ "ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው" አላት፤ አሳደረችው። ዲስኩ በረደው እንጂ አልተነሣም።

ደክሟት ወደ ምናሴ ተመለሰች። የገዛችውን አዲስ ዲስክ አገላብጣ አየችው።

"ይሄማ ባዶ ነው! እናቴን የት ያውቃታል?"

"ባዶ መሆኑ ጥሩ ነው፣ እትዬ። ቦታ አለው።"

ቅጂው ወደ አዲሱ ዲስክ እስኪገለበጥ አጠገቡ ተቀምጣ ጸለየች። ኮምፒውተሩ ተነሣ። ካርዶቿ በየቦታቸው አሉ። ምርቃቱን ፈለገች፤ አገኘች፤ ከፈተችው።

"በራ? አሁን ይቀዳል እንዴ?" አሉ እናቷ። "ብርቄ ልጄ፣ ትዳርሽ ይባረክ። ውለጂ፣ ክበጂ። ቤትሽ እንግዳ አይጣ።" ከዚያም፣ "አንቺ አየለች! ስትጨርሺ ዳንቴሉን አልብሺው፤ አቧራ እንዳይገባበት!"

አየለች እያለቀሰች ሳቀች፣ እየሳቀች እልል አለች። በሠርጉ ቀን ምርቃቱ ለሙሽሮቹ ተሰማ፤ ዳንቴሉም ከዚያ ወዲያ የብርቄን ጠረጴዛ አለበሰ።

ወገኖቼ፣ እናንተስ የሞተውን ቋጥራችሁ ከደጅ ደጅ የምትዞሩት እስከ መቼ ነው? አንዱ ይነቀንቃችኋል፣ አንዱ ያበርዳችኋል፤ ተነሣችሁ? "ልቤን ለጌታ ብሰጥ ምን ይቀርልኛል? ባዶዬን እቀር ይሆን?" ብላችሁ ፈራችሁ? እናንተ የረሳችሁትን እርሱ አልረሳም። ገና ሲሠራችሁ ያሰበላችሁ መልካም ነገር ሁሉ፣ እናንተ ስትቃጠሉ አልተቃጠለም፤ በእጁ ነው። አሮጌ ልብ አይጠግንም፤ አዲስ ይሰጣል!

እንግዲህ ዛሬ ያን ቋጠሮ ፍቱት። ስትነሡ መጀመሪያ የምትሰሙት ድምፅ ወቀሳ እንዳይመስላችሁ። ምርቃት ነው፤ ደግሞም በስማችሁ።