ጠላ የጠጣው ምሰሶ

ተረት ተረት።

፦ የመሠረት።

ምነው ድምፃችሁ ሳሳ? ራት አልበላችሁም እንዴ? በሉ ስሙ።

በድሮ ዘመን አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። አባቷ ቤት ሠሩላትና መሃሉ ላይ ትልቅ የዝግባ ምሰሶ ተከሉላት። ከዚያም ሞቱ። በዚያ አገር ደግሞ ወግ አለ። ጠላ በተጠመቀ ቁጥር የመጀመሪያው ዋንጫ ምሰሶው ሥር ይፈሳል፣ «ቤት ያቁም» ተብሎ። አንጓች አባቷን ትወዳለችና ሞልታ ታፈሳለች።

፦ አባዬ፣ ይቅመሱልኝ ትላለች።

ከዚያም እርጥቡን በእበት ትለቀልቀዋለች። ያምራል።

ባሏ ምንይችል ሰነፍ ነው፣ አልዋሻችሁም። ጣራው ባፈሰሰ ቁጥር አሮጌውን ሣር ሳያነሳ አዲሱን ይደርብበታል። ሣሩም ክረምቱን ሙሉ ውኃ ይጠጣና ይከብዳል።

ልጃቸው እናትነሽ ልትዳር ሆነ። ሠርጉ ሲቃረብ አንጓች ሕልም አየች። ምሰሶው ጋቢ ለብሶ፣ እያነከሰ መጥቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ጣራው ያለ እሱ ቀርቶ እንደ ደመና ቀስ እያለ ይሄዳል። ድምፁ የአባቷ ነው።

፦ ልጄ፣ ራሴን ከበደኝ።

፦ ምን ላድርግልዎ አባዬ?

፦ እግሬን አታርጥቢብኝ። መቆም አቃተኝ።

ሲነጋ ለባሏ ነገረችው።

፦ ሕልም እንደ ፈቺው ነው፣ አባትሽ ጠምቷቸው ነው፣ ጨምሪላቸው አላት ምንይችል።

የሠርጉ ቀን ቤቱ በሰው ሞላ። ሽማግሎቹ «አፍስሺ እንጂ» አሏት። ዋንጫውን አነሳችና «እግሬን አታርጥቢብኝ» ያሏት ትዝ ቢላት መልሳ አስቀመጠችው። ከስፌቷ ላይ ወስፌ መዘዘች፣ እበቱን ፈቅፍቃ ምሰሶውን ከሥሩ ወጋችው። ወስፌው እስከ እጀታው ሰመጠ። እንጨቱ ውስጥ ውስጡን በስብሶ ኖሯል።

፦ እናትነሽ፣ ውጪ። እናንተም ውጡልኝ።

፦ በሠርግ ቀን እንግዳ ታባርሪያለሽ? አለ ምንይችል አፍሮ።

፦ ልጄን ከምቀብር ባባርር ይሻለኛል።

እያጉረመረሙ ወጡ። ከዚያም ምሰሶው ከእግሩ ሸርተት ብሎ ተንበረከከና ጣራው ላዩ ላይ ተቀመጠ። ከሥር እርጥበት፣ ከላይ ሸክም፣ ዝግባስ ቢሆን ምን ያድርግ? ሰው ግን አልተነካም። አንጓች ደጅ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

፦ ስወድዎት ገደልኩዎት አባዬ።

እናትነሽ ዋርካ ሥር ተዳረች። ከሠርጉ በኋላ አዲስ ምሰሶ ተቆረጠ፣ እግሩ አፈር እንዳይነካ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆመ። ምንይችልም አሮጌውን ሣር አራግፎ ጣለና ጣራውን እንደ አዲስ ከደነ። ከጣራው ሲወርድ ላብ በላብ ነው። አንጓች የመጀመሪያውን ዋንጫ ይዛ ወደ ምሰሶው ሄደች፣ ቆም አለች፣ ተመለሰችና ለባሏ ሰጠችው።

፦ አንተ ጠጣ። ቤት ያቁም አለችው።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ፣ ጠላውንም ለእኔ ቅዱ እንጂ ምሰሶ ሥር አታፍስሱ።