በወንድሟ ድምፅ ውስጥ የጠፋችው ልጅ

ልጄ ሙኒራ አሥር ዓመቷ ሳለ የሒሳብ ደብተሯን በታናሽ ወንድሟ አሳርሜያለሁ። እርሱ ገና ስምንት ዓመቱ ነበር። ቀይ እስክሪብቶ ሰጠሁት፤ እርሷን ፊት ለፊቱ አስቀምጬ፣ «ከታናሽሽ ተማሪ፤ ትንሽ ይሰማሽ» አልኳት። ይህም አልበቃኝ፤ በዚሁ ዓምድ ላይ እናቶችን መከርኩ። ልጆቻችሁን አንድ ምንጣፍ ላይ አስቀምጡ፣ አንድ ጥያቄ ስጧቸው፣ ፈጣኑ ዘገምተኛውን ይጎትተዋል ብዬ ጻፍኩ። ብዙዎቻችሁ ደውላችሁ አመሰገናችሁኝ። ሙኒራ ዛሬ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እኔ ክፍሉ ውስጥ ካለሁ ደብተር አትከፍትም።

ያን ምክር ከጻፍኩ በኋላ አንድ ታሪክ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ልቤ አላረፈም።

የሲራራ ነጋዴዎች ግመላቸውን በሚያሳርፉባት አንዲት የጥንት ከተማ ሸይኽ ዘይኑ የሚባሉ ዓሊም፣ የሃይማኖት ሊቅ፣ ይኖሩ ነበር። ውርስ የሚካፈል ቤተሰብ ሁሉ ወደ እርሳቸው ይመጣል፤ በሒሳባቸው ላይ ቃል የሚጨምር አልነበረም። ልጃቸው ሲሞት ሁለት የልጅ ልጆች አሳደጉ። ሉባባ አሥራ አንድ ዓመቷ፣ ወንድሟ ሙሄ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በየቀኑ ከቀትር ወዲያ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሁለቱን በአንድ ሉህ ፊት ያስቀምጡና በዚያ የእንጨት ሰሌዳ ላይ ሒሳብ ይጽፉላቸዋል። ልጆቹም ቁርኣን እንደሚቀራ ሁሉ መልሱን በአንድነት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይናገራሉ። ከዚያ ሉሁ ይታጠባል፤ ሌላ ይጻፋል።

ሙሄ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ ከአፉ ይወጣል። ሉባባ በግማሽ ትንፋሽ ዘግይታ ትከተለዋለች። የሸይኹ ዓይን ደክሞ ስለነበር የሚያምኑት ጆሯቸውን ነበር፤ ጆሯቸው ደግሞ ሁለቱም አውቀዋል ይላቸዋል። «አልሐምዱሊላህ» ይሉና ሉሁን ያጥባሉ።

በረመዳን የመጨረሻ ቀን የከተማው ሰው እንደ ልማዱ ዘካተል ፊጥሩን፣ ለድሆች የሚሰጠውን የጾም መፍቻ እህል፣ ወደ ሸይኹ ግቢ አመጣ። ሠላሳ ስድስት ቁና ስንዴ ተሰፈረ። የሚታደላቸው ሚስኪን ቤቶች ሃያ አራት ነበሩ። ሙሄ ያን ቀን አተኩሶት ተኝቷል። ሸይኹ በሰው ሁሉ ፊት፣ ምናልባትም በትንሽ ኩራት፣ ሉባባን ጠርተው ለእያንዳንዱ ቤት ስንት ይድረሰው አሏት።

ልጅቷ ወደ ጎኗ ዞር አለች። የምትከተለው ድምፅ አጠገቧ አልነበረም። ሰው ሁሉ ያያታል።

«ሁለት ሁለት ቁና» አለች።

ሸይኹ ራሳቸው ሳያሰሉት «ማሻአላህ» አሉ። እህሉን የሚያድሉ ወጣቶችም ጆንያ ተሸክመው ወጡ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ተመለሱ። እህሉ አሥራ ስምንተኛው ቤት ላይ አልቋል። የስድስት ቤት ሰዎች ደጃቸው ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ዘካው ከነገ ጠዋቱ የኢድ ሶላት በፊት ካልደረሰ ደግሞ ተራ ምጽዋት፣ ሶደቃ፣ ሆኖ ይቀራል። ሸይኹ በጣታቸው አሰቡ፤ ለየቤቱ አንድ ቁና ተኩል ነበር። ፊታቸው ተለወጠ። ሉባባን ቢያስጠሯት አልተገኘችም።

የቀድሞ ተማሪያቸው ነጋዴው ሐጂ ጡሃ ጠጋ ብለው ሊያጽናኗቸው ሞከሩ።

«ሸሆች፣ እኔንም ሒሳብ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ሱቄ የማይሞላው ለዚህ ነው።»

ሸይኹ አልሳቁም። ሐጂ ጡሃ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰዉ ያመጣው አነሰ እንበል። ማን መልሶ ይሰፍራል? አባት የሌላት የቲሟም ከሰው አፍ ትድናለች።»

እውነቱ ከወጣ ሸይኹ እስከ ዛሬ ያካፈሉት ውርስ ሁሉ ይጠረጠራል። ውሸቱ ደግሞ እዝነት መስሎ ነው የቀረበላቸው።

«የሚድነው የእኔ ስም ነው» አሉ ሸይኹ በመጨረሻ። «እርሷማ እውነቱን ታውቃለች።»

ፀሐይ ጠልቃ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ የሰጋጁ ጀማዓ ሳይበተን ሸይኹ ተነሡ። ስድስቱ ቤቶች የጎደለባቸው በእርሳቸው ጥፋት እንደሆነ፣ ልጅቷ የማታውቀውን እንደጠየቋት፣ አለማወቋንም ሳያውቁ እንደኖሩ ተናገሩ። ከኋላ አንድ ሰው የእኛስ ውርስ ትክክል ይሆን ብሎ አጉረመረመ። ሸይኹ ሰሙት፤ ከኢድ በኋላ ሒሳቡን ይዞት እንዲመጣና አብረው እንዲያዩት ነገሩት። ከራሳቸው ጎተራም ዘጠኝ ቁና አስወጡ። ባለቤታቸው የኢዱን እህል ጠርገው ሲሰጡ፣ «ነገ እንግዳ ከመጣ ሒሳብ እናቀርብለታለን» አሉ ይባላል።

ሉባባ ከባዶ ጆንያዎቹ ጀርባ ተገኘች። የሶላቱን ጥሪ፣ አዛን፣ ሰምታ እንኳ ጾሟን አላፈጠረችም። ሸይኹ ቴምርና ውኃ ይዘው መሬት ላይ አጠገቧ ተቀመጡ። ቴምሩን እስክትውጥ ጠበቁ።

«ከየት ጀምሮ ነው የጠፋብሽ?»

«ከረጀብ ወር።»

ሦስት ወር ሊሞላ ነው። «በየቀኑ ትመልሺልኝ ነበር እኮ» አሏት።

«ሙሄ ሲል እላለሁ፣ አባዬ። አፉን ነው የማየው።»

ከዚያ በኋላ ሸይኹ ስለ ሒሳብ አንድም አልጠየቋትም፤ የኢድ ልብሷን የት እንዳስቀመጠች ብቻ ጠየቋት።

ኢድ ሲያልፍ ሁለተኛ ሉህ አሠሩ። ሉባባ ወደ ረጀብ ትምህርቷ ተመለሰች። በእርሷ ሐሳብ አንድ ቁና አንድ ነው፣ በግማሽ አይከፈልም፤ ስለዚህ እህል አፈሰሱላትና ብዙ ቀን በእጇ ስታካፍል ሰነበተች። ለሙሄ የውርስን ምዕራፍ ከፈቱለት። ልጁ ሳግዛት ነበር ብሎ ቅር አለው። ማገዙን አልከለከሉትም፤ ሳትጠይቀው መልስ እንዳይናገር ብቻ አዘዙት። በመጀመሪያው ሰሞን አፉን በእጁ ይዞ ይቀመጥ ነበር አሉ።

ሐጂ ጡሃ ይህን አይተው ተጨነቁ። በልጆቻችን መካከል ፍትሐዊ እንድንሆን ታዘን የለም ወይ፣ አንዱ ወደ ፊት ሲሄድ አንዷ ወደ ኋላ መመለሷ እንዴት ነው ብለው ጠየቁ።

«ጡሃ፣» አሉ ሸይኹ፣ «ልጅ የሚሰፈረው በራሱ እፍኝ ነው።»

ይህን ቃል መጀመሪያ ላይ ለዘገምተኛ ልጅ ማጽናኛ አድርጌ እወስደው ነበር። አሁን ለእኔ ዓይነቱ አስተማሪ የተነገረ ይመስለኛል። የልጅን እፍኝ ለማወቅ እጁን ይዞ ማየት ይጠይቃል፤ ጊዜም ይወስዳል። እኔ የያዝኩት የሚያስመሰግነኝን እጅ ነበር። ወንዱ ልጄም ቢሆን አላተረፈም። የሰው ስሕተት ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሉባባ ኋላ ፈጣን ሆነች አይባልም፤ እስክታረጅ በጣቷ ትቆጥር ነበር ይላሉ። ግን አላወቅሁም ለማለት አትፈራም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሙኒራን ከየት ጀምሮ እንደጠፋባት ጠየቅኋት። እስካሁን አልመለሰችልኝም። ዘግይቼ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ያን ምክሬን ተቀብላችሁ በቤታችሁ የሠራችሁበት ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት። እኔንም ስለ አላህ ብላችሁ አፉ በሉኝ።