ማር የማይጠይቀው ፎርም

እኛ አካባቢ አንድ ሰው የቁጥር ክምር ይዞ ሲኩራራ፣ ከአድማጮቹ አንዱ ከንፈሩን አጣሞ አራት ቃል ጣል ያደርግበታል። ባለቁጥሩ ያፍራል፤ እንግዳ ሰው ግን ነገሩ አይገባውም። የተነሣው ከወይራ ውሃ ቀበሌ፣ ምትኩ ከሚባል የሥራ ዕድል ፈጠራ ባለሙያ ነው።

ምትኩ በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች አርባ ሁለት የሣንቃ ቀፎ አደለ። በዓመቱ «ሥራ ፈጣሪዎችን ቁጠር» ሲባል ከመንገዱ ሳይወርድ ቀፎዎቹን በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረና «አርባ ሁለት ሥራ ፈጣሪ» ብሎ ጻፈ። አንዱን እንኳ ከፍቶ አላየም። ቢከፍት ኖሮ በአንዱ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ፣ በሌላው ሽንኩርት ተከማችቶ ባገኘ ነበር። ንብ እንደሆነች ለሪፖርት ብላ ቀፎ አትገባም።

ከመንገዱ ዳር የመጨረሻው ቤት የወይዘሮ ትርንጎ ነው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ በጭቃና በእበት የለቀለቀቻቸው ሃያ ሦስት ቀፎዎች አሏት፤ ማር የሚቆርጡላትና የሚያጣሩላት ሦስት ሰዎችም ቀጥራለች። ጭንቀቷ አንድ ነው። የከተማው ነጋዴ ሰፈፍ ያለበት ማር ከእንግዲህ አልቀበልም ብሏታል፤ በጨርቅ ብታጣራው ደግሞ አይጠራላትም። ዞኑ ለቀበሌው ሥራ ፈጣሪዎች የማር ማጣሪያ መሣሪያ ሊሰጥ መሆኑን ሰምታለች።

ምትኩ በደጇ ሲያልፍ «እኔንም መዝግበኝ» አለችው።

«የማኅበር ወረቀት አለሽ?»

«ማር አለኝ።»

«ፎርሙ ማር አይጠይቅም፣ እትዬ» አለና «የቤት እመቤት» ብሎ ጽፏት ሄደ።

መሣሪያው የሚሰጥበት ቀን ደረሰ። የዞኑ ኃላፊ ራሱ መጥቶ የአርባ ሁለቱን ማር ሊቀምስ ነው ተባለ። ምትኩ ከቤት ቤት ሮጠ፤ እንቁላልና ሽንኩርት እንጂ ማር አጣ። በመጨረሻ ከትርንጎ ደጅ ቆመ።

«አንድ ማሰሮ አበድሪኝ፤ ውለታሽን አልረሳም።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ትርንጎም መሣሪያውን አስባ ሰጠችው።

ኃላፊው ሕዝብ በተሰበሰበበት ዳቦውን ከማሩ እያጠቀሰ በላ፤ ጣቱንም ላሰ። «የአርባ ሁለት ሥራ ፈጣሪዎች ውጤት ማለት ይህ ነው» አለ።

ትርንጎ ከተቀመጠችበት ተነሣች። «ጌታዬ፣ የሚበሉት የእኔን ማር ነው። በእነሱ ቀፎ ውስጥ ያለችው ዶሮ ናት።»

ኃላፊው ምትኩን አየው፤ ምትኩ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ኃላፊው መዝገቡን ተቀብሎ ገለጠ። «እዚህ የሚለው የቤት እመቤት ነው። ሪፖርቱም ለበላይ ተልኳል። መሣሪያው በዝርዝሩ መሠረት ለአርባ ሁለቱ ይሰጣል።» ይህን ሲል ማሩ ገና ከጢሙ አልደረቀም ነበር። መሣሪያው ዛሬም ከነማሸጊያው በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ውስጥ አለ፤ ሸረሪት ድር አድርታበታለች።

ትርንጎ ቀስ ብላ ሄዳ ማሰሮዋን ከኃላፊው ፊት አነሣች። «እንግዲያስ የቤት እመቤት ዕቃዋን ወደ ቤቷ ትመልስ» አለች። ኃላፊው ደረቅ ዳቦውን እንደያዘ ቀረ።

ምትኩ ተከትሏት፣ «ለእንግዳው ትንሽ እንኳ ተይልን» እያለ ሲለማመጥ የመንደሩ ሽማግሌ አያ ቢተው ሰሙት፤ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና ሁሉም እየሰማ እንዲህ አሉ፦ «ቀፎ ቆጣሪ፣ ማር ተበዳሪ።»