የቀበሮ ነዛሪ አልቦ

አንድ ጊዜ፣ አውሬው ሁሉ ስልክ መያዝ በጀመረበት ዘመን፣ አንዲት አህያ ስትሮክ መታትና ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ነፍሷስ ተርፋለች፤ የኋላ ግራ እግሯ ግን ይጎተታል። ክረምት ደግሞ እየመጣ ነው። ክረምት ሲገባ መንጋው ወንዙን ተሻግሮ ወደ ደጋው ይወጣል፤ መሻገር ያቃተው እዚያው ቆላ ለጅብ ይቀራል። አህያ ይህን ስታስብ እህል አልበላ ይላት ነበር።

እትዬ ኤሊ በየማለዳው ወንዝ ዳር አሸዋው ላይ ታለማምዳታለች። «አንሺ፣ አሳርፊ፣ እንደገና አንሺ። እግርሽ መራመድ ረስቷል፤ እኛ ደግሞ እናስተምረዋለን» ትላታለች። አህያ ሰለቻት። እውነቷን ነው፣ በኤሊ ፍጥነት መዳን ማንን አያሰለች!

አንድ ቀን ስልኳን ስትጎረጉር ቀበሮን አገኘቻት። ቀበሮ ነጭ ጋውን ለብሳ፣ በባትሪ የሚነዝር አልቦ ከፍ አድርጋ፣ «እግርዎ ላይ ያስሩታል፣ ይተኛሉ፣ ድነው ይነሳሉ። በሳይንስ የተረጋገጠ ነው» ትላለች። ከሥር ምስክሩ ተደርድሯል። ፍየል ድኛለሁ ትላለች፣ ከርከሮ ድኛለሁ ይላል፣ ቆቅ ሳትቀር ድኛለሁ ብላለች። አልዳንኩም ያለ አንድም የለም። የአህያ ልብ ሸፈተ። ወዲያው አዘዘችና ለኤሊ ነገረቻት።

ኤሊ አልተቆጣችም። «መሣሪያ ሁሉ ውሸት ነው አልልሽም፤ የሚረዳም አለ። ግን ይህን ያሰረውንና ያላሰረውን አስተያይቶ ያጠና ማን ነው? የዳኑት ሲናገሩ ሰማሽ። ያልዳኑትስ የት አሉ?»

«እኔ ምን አውቄ» አለች አህያ ኮስተር ብላ።

በማግስቱ ዕቃውን ይዞ የመጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አያ ጅቦ። ለካ ቀበሮ ዕቃ አድራሽ አድርጋ ቀጥራዋለች። አህያ ክው አለች፤ እንዳትሮጥ እግር የላት። የኤሊ ጥያቄ ግን ከንፈሯ ላይ ነበርና አመለጣት።

«አያ ጅቦ፣ አንቱ ያልደረሱበት ቤት የለም። አልቦው ያልሠራላቸው ምን ይላሉ?»

«እነሱማ ምን ይላሉ? ምንም አይሉም» አለ ጅብ እየሳቀ። «ሰንበት ብዬ ዞር እልና አያቸዋለሁ። የሮጠው ያመልጠኛል፣ ያልሮጠውን እበላለሁ። ደሞዜ እሱው ነው። የተረፈው ሁሉ ድኗል፤ ቀበሮ መች ዋሸች?»

ይኸው ነው እንግዲህ ሳይንሱ! አህያ እንደ ምንም ራሷን አረጋግታ፣ «አሁን ቢበሉኝ አጥንት ነኝ። አልቦውን አስሬ ስተኛ እወፍራለሁ፤ ያኔ ይምጡ» አለችው። ጅብ ምራቁን ዋጠ። «በደንብ ተኚ» ብሏት ሄደ።

መች ተኝታ! አልቦውን ከነማሸጊያው ዛፍ ላይ ሰቀለችና አሸዋው ላይ ዋለች። ኤሊ ይበቃሻል ስትላት ገና ነው ትላለች። ላብ በላብ ሆነች፣ አንዳንድ ቀን ተስፋ ቆርጣ አለቀሰች፣ በማግስቱ ተመልሳ መጣች። እግሯም እያደር መሬት መርገጥ ጀመረ።

ጅብ ሆዱን ባዶ አድርጎ በመጣ ዕለት መንጋው ወንዙን ይሻገር ነበር። አህያ ከሁሉ ኋላ ናት፤ ታነክሳለች፣ ግን ትረግጣለች። ጅብ ሮጦ ሲደርስ እሷ ማዶ ወጥታ ውሃዋን ታራግፋለች። ወንዙም ሞላ።

ጅብ ስልኩን አውጥቶ ለቀበሮ ደወለ። «ኧረ ዕቃሽስ ይሠራል፤ አህያዋ ዳነች» አላት። ቀበሮም ሳትውል ሳታድር የአህያን ፎቶ ለጥፋ «ይህችም በእኛ አልቦ ድናለች» አለች። አህያ አይታ ከሥሩ ጻፈች፦ «መዳንስ ድኛለሁ፤ አልቦው ግን ማሸጊያው እንኳ አልተከፈተም። ያልዳኑትን የምትፈልጉ አያ ጅቦን ጠይቁት፤ መዋሸት አያውቅበትም።» ያነበቡት ሁሉ ደውለው ጠየቁት፤ እሱም እየተኩራራ አንድ በአንድ ተናገረ። ቀበሮ ጋውኗን ጥላ ከአገር ጠፋች።

ከዚህ የምንማረው፣ ለጤናችን የሚሸጥልንን ዕቃ ከማመናችን በፊት ድነናል የሚሉትን መስማት ብቻ ሳይሆን ያልዳኑትንም ቆጥሮ ያጠና መኖሩን መጠየቅ እንዳለብን ነው።