ደቂቃ የማታውቀው ሰዓት

ምላሱ ጎማ ከሚበሳ ሚስማር የሰላ አንድ ጎሚስታ ነበር። ይህ ሰው ከገበያ በርካሽ የገዛት፣ ጠዋት ጠዋት እየጠመዘዘ የሚሞላት ጉደኛ የእጅ ሰዓት ነበረችው። ቁጥር የሚጠቁም ዘንግ የሚባል ነገር የላትም። ውስጧ ያለው ክብ ሳህን ቀስ እያለ ይዞርና በትንሿ መስኮቷ የሰዓቱ ቁጥር ብቻ ብቅ ይላል። ደቂቃ አታውቅም።

አንድ ቀን የሰፈሩ ሰው ቦኖ ውሃ እንዲተከልለት ለመለመን ጎሚስታውን ወኪል አድርጎ ከሹሙ ከአቶ ሽታሁን ጋር ቀጠሮ ያዘ። ቀጠሮው ለጠዋት ነበር፤ አቶ ሽታሁን የወርቅ ሰዓታቸውን እያብለጨለጩ የመጡት ግን የሕዝቡ ሆድ ምሳ ምሳ ማለት ከጀመረ በኋላ ነው። እንደ ልማዱ በአዳራሹ ተቀምጦ የሚጠብቀው ሁሉ ብድግ አለ። ጎሚስታው ሲነሳ ሰዓቱን ሰረቅ አድርጎ አየ።

ይህን ጊዜ አቶ ሽታሁን ከነከናቸው።

«እስቲ በዚህች አሻንጉሊትህ ስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደሆነ ለሕዝቡ ንገር! ካልቻልክ የውሃውን ነገር እርሳው።»

ሕዝቡ ተሳቀቀ። ጎሚስታው እጅ ነሳ።

«ደቂቃ አታሳይም፣ ጌታዬ። የገዛኋት እርስዎን ለመጠበቅ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ደቂቃ ምን ያደርግልኛል?»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። አቶ ሽታሁንም ሳይወዱ ሳቁ አመለጣቸው።

«በል ቦኖው ተፈቅዷል! ግን ከዚህች የተሻለ አጥተህ ነው?»

«ወር ብቻ የምታሳይ ስጠኝ ብዬው ነበር፣ ጌታዬ። ባለሱቁ ግን ‹እሷንማ አቶ ሽታሁን ቢሮ ደጅ የሚጠኑት ገዝተው ጨረሷት› አለኝ።»